ክኒን፣ የጡንቻ መርፌ ወይስ በደም ስር? የቆየ ሕመም ላለበት ሰው ቫይታሚን ሲመረጥ

ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው አቅም ሲያጣ ከቤተሰብ የሚመጣው ምክር ይታወቃል። «አንድ ግሉኮስ ለምን አይሰቀልለትም? ቢ ኮምፕሌክስ ቢጨመርበት እኮ ይነሳል።» ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሚኖር ዘመድ ካለ ደግሞ ስሙ ይቀየርና «ድሪፕ» ይሆናል። ቢጫ ከረጢት ነው። ውስጡ ቫይታሚን ሲ፣ ቢ ቫይታሚኖች፣ ማግኒዚየም፣ አንዳንዴም ግሉታታዮን የሚባል፣ ሰውነት ራሱም የሚሠራው ንጥረ ነገር አለበት። ነርስ ቤት ድረስ መጥታ ትሰቅላለች።

ከሁለቱም ጀርባ ያለው እምነት አንድ ነው። በቀጥታ ደም ውስጥ የገባ ነገር ከክኒን ይበልጣል ይባላል። ለጥቂት ሕመምተኞች ይህ እውነት ነው፤ ሕይወት የሚያተርፍበት ጊዜም አለ። ለአብዛኛው ሰው ግን አይበልጥም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፤ ጤነኛ ሰው ምንም ሳይሆን የሚያልፈው ከረጢት ኩላሊቱ ወይም ልቡ የደከመን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሦስቱን መንገዶች ላወዳድር፤ ሕመምተኛው ማን እንደሆነ እያየን።

መጀመሪያ ምርመራ

ድካም ብዙ ምክንያት አለው። ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ ያደክማል። ደም ማነስ ያደክማል። የታይሮይድ እጢ መዳከም፣ የኩላሊት ችግር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድብርት፣ አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችም እንደዚያው ናቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹን ቫይታሚን አይነካቸውም።

ሐኪምዎን የደም ቆጠራ፣ የስኳር፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን የክሬአቲኒንና የታይሮይድ ምርመራ ይጠይቁ። አቅም ከፈቀደ ቢ12 እና ፈሪቲን፣ ማለትም የብረት ክምችት፣ ይጨመሩ። ይህ ሁሉ ከመርፌው በፊት መሆን አለበት። ቢ12 ከተወጉ በኋላ ቢለካ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ በፊት እጥረት ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ማወቅ አይቻልም።

በተለይ ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ የስኳር ሕመምተኛ ቢ12 መመርመር ይገባዋል። መድኃኒቱ የቢ12ን ወደ ሰውነት መግባት ይቀንሳል። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2022 የቢ12 መቀነስን ከሜትፎርሚን የተለመዱ የጎንዮሽ ጉዳቶች ውስጥ አስገብቶታል። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ሲውጥ የኖረ ሰውም ከዚሁ ይመደባል። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከዓሣና ከወተት ስለሆነ፣ አጽዋማቱን በሙሉ የሚጾም ሰው ይህንንም ለሐኪሙ ቢነግር ጥሩ ነው።

ክኒን

ክኒን ቀርፋፋ ነው። ቀርፋፋነቱ ግን ጥቅምም አለው። አንጀት እንደ ጥሩ ዘበኛ ከልክ ያለፈውን በር ላይ ይመልሳል። በቀን ከ30 እስከ 180 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ሲወሰድ ከ70 እስከ 90 በመቶው ወደ ደም ይገባል። መጠኑ ከ1 ግራም ሲያልፍ የሚገባው ከግማሽ ያንሳል። ቀሪው ከሆድ ይወጣል። ብዙ ቫይታሚን ሲ የሚውጥ ሰው ተቅማጥ የሚይዘው ለዚህ ነው።

ቢ12ስ? ለመግባት ከጨጓራ የሚመነጭ ረዳት ፕሮቲን ይፈልጋል። ጨጓራው የተጎዳ ሰው ይህ ይጎድለዋል። ነገር ግን ከምንውጠው ውስጥ 1 በመቶ ያህሉ ያለ ረዳቱም ያልፋል። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ግራም አካባቢ ነው። ስለዚህ የ1000 ማይክሮ ግራም ክኒን በየቀኑ ቢዋጥ 10 ያህል ማይክሮ ግራም ይገባል፤ ለብዙ ሰው በቂ ነው። «ክኒን ለእኔ አይሠራም» የሚሉ ብዙዎች የወሰዱት ክኒን መጠኑ ትንሽ ስለነበረ ነው።

የክኒን ጉዳት በአብዛኛው ሆድ ላይ ነው፤ ማቅለሽለሽ፣ ቃር፣ በብረት ክኒን ደግሞ ድርቀትና የሰገራ መጥቆር። ካልተስማማ ያቆሙታል።

የጡንቻ መርፌ

እኛ ዘንድ በጣም የሚወደደው ይሄ ነው። ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 አንድ ላይ የያዘው ቀዩ አምፑል «የነርቭ መርፌ» ተብሎ ይታወቃል። እግሩን የደነዘዘው፣ ወገቡን ያመመው፣ የደከመው ሁሉ ይወጋዋል።

የጡንቻ መርፌ ትክክለኛ ቦታ አለው። ጨጓራው ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ረዳት ፕሮቲኑን ጨርሶ የማያመነጭ፣ ወይም የቢ12 እጥረቱ ነርቭ ላይ የደረሰ ሰው ቢ12 በመርፌ ቢጀምር ይሻላል። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይሰጣል፤ በኋላ በየሁለትና በየሦስት ወሩ ይሆናል። የደም ማነሱ በጣም ከባድ በሆነ ሰው ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፖታሲየም ሊወርድ ስለሚችል ሐኪም ይከታተለዋል።

ትኩረት የሚፈልገው ቢ6 ነው። በዚህ ዓይነት አምፑል ውስጥ ብዙ ጊዜ 100 ሚሊ ግራም ቢ6 አለ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ለአዋቂ ሰው ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ቢወሰድ አይጎዳም ያለው ጣሪያ 12 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ወይም ሁለት መርፌ አያሳስብም። ለወራት ሲደጋገም፣ ከክኒኑም ጋር ሲደራረብ ግን ቢ6 ራሱ ነርቭ ይጎዳል። ጉዳቱ እንዴት እንደሚታይ ልብ ይበሉ፤ እግር ይደነዝዛል፣ ያቃጥላል፣ ሲራመዱ መሬቱ አይሰማም። ሰውየው መጀመሪያ መርፌውን የጀመረበት ሕመም ማለት ነው። ስለዚህ ስኳሩ ባሰ ይባልና ሌላ ዙር መርፌ ይታዘዛል። መደንዘዙ በመርፌው ላይ ሆነው እየጨመረ ከሄደ መርፌውን ራሱን ይጠርጥሩ፤ ለሐኪምዎም እንደዚያ ብለው ይንገሩ።

ይህን ስል የቲቢ መድኃኒት ኢሶኒያዚድ የሚወስዱ ሰዎች እንዳይደናገጡ። ለእነሱ የሚሰጠው ቢ6 መጠኑ አነስተኛ ነው፤ ነርቭን ለመጠበቅ ነው። ማቋረጥ የለባቸውም።

ሌላው የጡንቻ መርፌ ጉዳት ከአወጋጉ ይመጣል። መቀመጫ ላይ ያለቦታው ከተወጋ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቅ ነርቭ ሊነካ ይችላል። ንጽሕናው ካልተጠበቀ ይመግላል፤ ስኳር ባለበት ሰው ቁስሉ በቀላሉ አይድንም። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጡንቻው ውስጥ ደም ሊቋጥርበት ይችላል።

በደም ስር

ሰው ስለዚህ ሲያስብ ቫይታሚኑን ብቻ ነው የሚያየው። የሚገባው ግን ሦስት ነገር ነው፤ መርፌው፣ ፈሳሹና ቫይታሚኑ። ሦስቱም የየራሳቸው ጉዳት አላቸው።

ከመርፌው እንጀምር። ካኑላው፣ ማለትም ደም ስር ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን ቱቦ፣ የገባበት ደም ስር ሊቆጣ፣ ሊቀላና እንደ ገመድ ሊጠጥር ይችላል። መርፌው ከደም ስር ወጥቶ ፈሳሹ ከቆዳ ሥር ሲፈስ ክንድ ያብጣል። ባክቴሪያ ከገባ ነገሩ ከክንድ ያልፋል፤ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ይመጣል። ኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው ደግሞ አንድ ክንዱን እንደ ዓይኑ ብሌን መጠበቅ አለበት። ለእጥበት የተሠራው ደም ስር ያለበት ክንድ ላይ ካኑላ አይገባም፣ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም። እጥበት ገና ያልጀመረ ግን ኩላሊቱ እየደከመ ያለ ሰውም የክንዱን ደም ስሮች ቢቆጥብ ነገ ይፈልጋቸዋል። የግድ ከሆነ የእጅ ጀርባ ይመረጣል።

ፈሳሹ ላይ ደግሞ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 500 ሚሊ ሊትር ሰላይን፣ ማለትም የሚሰቀለው የጨው ውሃ፣ 4.5 ግራም ጨው አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ለግፊታቸው ሲሉ ለዓመታት አልጫ ሲበሉ የኖሩ እናት በአንድ ሰዓት ውስጥ የቀን ጨዋቸውን በክንዳቸው ተቀበሉ ማለት ነው። ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ ውሃው ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። ምልክቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ማታ ሲጋደሙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ትራስ ይደራርባሉ፤ ቁጭ ብለው ያድራሉ።

ግሉኮሱስ? 500 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ 25 ግራም ስኳር አለ። ጉልበቱ 100 ካሎሪ አይሞላም፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ ከዚያ አያንስም። ለስኳር ሕመምተኛ ግን 25 ግራሙ በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። ለረጅም ጊዜ ሳይበላ የቆየ፣ ሲያስመልሰው የሰነበተ ወይም አልኮል የሚያበዛ ሰው ላይ ሌላ አደጋ አለ። ቢ1 የጎደለው ሰው ቢ1 ሳይሰጠው ግሉኮስ ከተሰቀለለት አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ቢ1 ከግሉኮሱ በፊት ወይም አብሮ ይሰጣል።

ወደ ቫይታሚኑ ስንመጣ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ብዙ መጠን ያለው ቫይታሚን ሲ ነው። እዚህ አንጀት የለም፤ የተሰቀለው ሁሉ ይገባል። ከዚያ ከፊሉ ወደ ኦክሳሌት ይቀየራል። ኦክሳሌት በኩላሊት ነው የሚወጣው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ክሪስታል ሠርቶ እዚያው ይቀራል፤ ኩላሊት በድንገት ሥራ እንዲያቆም ያደረገባቸው ሕመምተኞች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በዘር የጎደለው ሰው ደግሞ ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈርሳሉ፤ ሽንቱ እንደ ኮካ ይጠቁራል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። ይህ ጉድለት ወባ በሚበዛባቸው አካባቢዎች በሚኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ከሌላው ይበልጥ ይታያል። ብዙ መጠን ከመስጠታቸው በፊት ይህን ምርመራ የማይጠይቁ ሰዎች ዘንድ ባይቀመጡ ይሻላል። ሰውነቱ ብረት የሚያጠራቅምበት ሰውም ከዚህ ይራቅ።

ስኳር ያለባቸው ሰዎች ይህቺን ደግመው ያንብቧት። ቫይታሚን ሲ በብዛት ደም ውስጥ ሲኖር፣ ከጣት ደም የሚለኩ አንዳንድ የስኳር መለኪያዎች እሱን ስኳር ነው ብለው ይቆጥሩታል። እውነተኛው ስኳር 120 ሆኖ መሣሪያው 350 ሊያሳይ ይችላል። ሰውየው ደንግጦ ኢንሱሊን ይወጋል። ያልነበረ ስኳር ለማውረድ የተወጋ ኢንሱሊን ነው፤ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ይስታል። ስህተቱ ለሰዓታት ይቆያል፤ ኩላሊት በደከመ ሰው ላይ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። በእነዚያ ሰዓታት ኢንሱሊን ከመወጋት በፊት በላብራቶሪ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቆዳ ላይ የሚለጠፉ አንዳንድ የስኳር መለኪያ ሴንሰሮችንማ በአፍ የተዋጠ ብዙ ቫይታሚን ሲ እንኳ ያሳስታቸዋል።

ማግኒዚየም በፍጥነት ሲገባ ደረትና ፊትን ያግላል፤ ግፊት ያወርዳል። ብዙዎች ያንን ሙቀት «እየሠራ ነው» ብለው ይወዱታል። የግፊት መድኃኒት ውጦ የመጣ ሰው ግን ሲነሳ ሊወድቅ ይችላል። ኩላሊት ካልሠራ ማግኒዚየሙ ተጠራቅሞ ጡንቻና ትንፋሽን ያዳክማል። ካልሲየም ዲጎክሲን ከሚባለው የልብ መድኃኒት ጋር የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል፤ ሴፍትሪያክሶን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋር በአንድ መስመር ሲገናኝ ደግሞ ጠጥሮ ይረጋል። ቢ1 እና ቫይታሚን ኬ በደም ስር ሲሰጡ አልፎ አልፎ ለሞት የሚያደርስ አለርጂ ያስነሳሉ። እንዲህ ያለውን አለርጂ የሚያስቆመው አድሬናሊን አጠገብ ሳይኖር መሰቀል የሌለበት ለዚህ ነው።

ግሉታታዮን ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ቆዳ ለማንጣት ነው፤ ለሕመምተኛ ሲሸጥ ግን «ጉበት ያጸዳል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ለመርፌ የዋለ የግሉታታዮን ዱቄት በባክቴሪያ መርዝ ተበክሎ እንደነበር አስጠንቅቋል። የተሰጣቸው ሰዎች ብርድ ብርድ ብሏቸዋል፣ አስመልሷቸዋል።

ይህን ሁሉ ተሸክሞ ምን ይገኛል?

የዛሬዎቹ ድሪፖች አባት የባልቲሞሩ ሐኪም ጆን ማየርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ከሞተ በኋላ አለን ጋቢ የተባለ ሐኪም ሕመምተኞቹን ተቀብሎ ቀመሩን «የማየርስ ኮክቴል» ብሎ አስፋፋው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፋይብሮማያልጂያ፣ ማለትም መላ ሰውነትን የሚያም የቆየ ሕመም፣ ባለባቸው 34 ሰዎች ላይ ሞከሩት፤ ለ8 ሳምንት በየሳምንቱ። ግማሾቹ ቫይታሚኑን፣ ግማሾቹ ቫይታሚን የሌለው ፈሳሽ ወሰዱ። ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው። በመካከላቸው አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። ሰው ከተሰቀለለት በኋላ «ነፍስ ዘራሁ» ሲል አይዋሽም ማለት ነው። ዕረፍቱ፣ ተንከባካቢው፣ ተስፋው ይሠራል። ያንን ግን ያለ መርፌም ማግኘት ይቻላል።

በ2022 የታተመው ጥናት ደግሞ ከባድ ነው። በደም መመረዝ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ 872 ሰዎች ነበሩበት። ብዙ ቫይታሚን ሲ በደም ስር ከተሰጣቸው 44.5 በመቶው በ28 ቀን ውስጥ ሞተዋል ወይም የአካል ክፍላቸው ሥራ አልተመለሰም። ካልተሰጣቸው 38.5 በመቶው። ይህ የድንገተኛ ሕመም ጥናት ነው፤ እዚህ ያመጣሁት «ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም» የሚለውን አባባል ስለሚያፈርስ ነው።

ስኳርን፣ ካንሰርን ወይም የልብ ድካምን በድሪፕ እናክማለን የሚል ካገኙ ይራቁ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 አይቪ ባርስ የተባለ የቴክሳስ ድርጅትን እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ስላወጣ ከስሶ አስቁሞታል።

ለማን የቱ?

በደም ስር መስጠት ተመራጭ የሚሆንባቸው ጊዜያት ግልጽ ናቸው። አንጀቱ ምግብ የማያስገባ ሰው፣ ያለማቋረጥ የሚያስመልሳት ነፍሰ ጡር፣ የቢ1 እጥረቱ አንጎሉ ላይ የደረሰ ሰው፣ የብረት ክኒን የማይበቃው የኩላሊት እጥበት ሕመምተኛ። እነዚህ ሆስፒታል ውስጥ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚደረጉ ናቸው። ለእነሱ ከረጢቱን መፍራት ራሱ ጉዳት ነው።

ሜትፎርሚን ለሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ቢ12 ከጎደለው የቢ12 ክኒን፤ እግሩ መደንዘዝ ከጀመረ የቢ12 መርፌ፣ ቢ6 ያልተቀላቀለበት ቢገኝ ይመረጣል። ለኩላሊት ሕመምተኛ የሚመርጥለት የኩላሊት ሐኪሙ ነው፤ የፋርማሲ መልቲቫይታሚን እንኳ ሳይጠይቅ አይውሰድ። የልብ ድካም ያለበት ሰው በክኒን ይጀምር፤ የማይቻል ከሆነ ትንሽ ፈሳሽ፣ ቀስ ብሎ። የልብ ቫልቭ ተቀይሮለት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ለሚሰቅልለት ሁሉ ይህን ሳይናገር ክንዱን አይስጥ። በደም ስር ከሚሰጡ መልቲቫይታሚኖች ብዙዎቹ ቫይታሚን ኬ አላቸው፤ ዋርፋሪኑን ያዳክማሉ፣ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ያለ ካንሰር ሐኪሙ ፈቃድ ምንም አይጨምር።

መሰቀሉ የማይቀር ከሆነ

ቦታው ራሱ ምርጫ ነው። ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ቫይታሚን ከረጢት ውስጥ የሚቀላቅሉ ክሊኒኮች ንጽሕና በሌለበት ሁኔታ እንደሚሠሩ ገልጾ አስጠንቅቋል። በ2023 ቴክሳስ ውስጥ አንዲት ሴት በውበት ማዕከል ፈሳሽ ተሰቅሎላት ሞታለች፤ ግዛቲቱ በ2025 ጥብቅ ሕግ አወጣች። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ከውበት ሳሎን ይሻላል። ቤት ውስጥ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ አለርጂ ቢነሳ ኦክስጅንም ሐኪምም የለም።

ከመሰቀሉ በፊት የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይናገሩ። ከረጢቱ ውስጥ ምን ምን፣ ስንት ስንት እንደገባ ይጠይቁና የአምፑሎቹን መለያ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። አምፑሉ እርስዎ ፊት ይከፈት። ክሬአቲኒንዎን ያየ ሰው አለ? አድሬናሊኑ የት ነው? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጥሩ ነርስ አይከፋትም።

ሲሰቀል ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ደረት ከጨነቀ፣ ሰውነት ካሳከከ ወዲያው ይዘጋ። «ይለምዳል» አይባልም። ቤት ከገቡ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ሽንት ከጠቆረ ወይም ከቀነሰ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሲጋደሙ ትንፋሽ ካጠረ፣ ክንድ ከቀላና ከጠጠረ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ያነሱትን ፎቶ ያሳዩ። ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደተሰጠዎት ነው።